ዋጋና ደስታ በቀርሜሎስ ተራራ ሥር

ሰው ለውድ ነገር ገንዘብ ሲያወጣ ደስታውም በወጪው ልክ ከፍ ይላል ወይ የሚለው ጥያቄ የዛሬው የሬዲዮ ትምህርት ርእስ ነው። ጥያቄው በየቤቱ፣ በየገበያውና በየሠርጉ ዋዜማ የሚነሣ የዘወትር ጥያቄ ቢሆንም፣ በመጠይቅና በቁጥር መመርመር የጀመረው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ከዋነኞቹ መርማሪዎች አንዱ በሐይፋ ከተማ የተወለደ ሰው በመሆኑም ጉዳዩን ከዚህችው ከተማ ተነሥቶ መመልከት ተገቢ ይሆናል። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቃላት ፍቺ ይሻሉ። የመጀመሪያው «ውድ» የሚለው ቃል ሲሆን፣ አማርኛ ዋጋው የበዛውን ዕቃም በልብ የተወደደውን ሰውም በዚህ በአንድ ቃል ይጠራል፤ «ውድ መኪና» ሲባል ዋጋው፣ «ውድ እናቴ» ሲባል ፍቅሩ ይታሰባል። የዝግጅቱ ጥያቄ በአጭሩ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ውድነት ወደ ሁለተኛው የሚሸጋገረው መቼ ነው የሚል ይሆናል። ሁለተኛው ቃል «ደስታ» ነው። የሥነ ልቦና ምሁራን ደስታን ለሁለት ከፍለው ይመለከቱታል፤ አንደኛው ሰው በዕለት ውሎው የሚሰማው ስሜት፣ ማለትም ሳቁ፣ ጭንቀቱ፣ ድካሙና እፎይታው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቆም ብሎ መላ ሕይወቱን ሲመዝን የሚሰጠው ፍርድ ነው። አንድ ሰው ኑሮው እንደ ተሳካለት እየመሰከረ ቀኑን ሙሉ ሲበሳጭ ሊውል ይችላል፤ ጎዶሎው ብዙ የሆነ ሰው ደግሞ ሲስቅና ሲጫወት ይመሻል።

ይህን ሁለተኛውን ፍርድ ለመለካት አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃድሊ ካንትሪል በ1965 ባሳተመው ጥናት የመሰላል ምሳሌ አቀረበ። ተጠያቂው ከዜሮ እስከ 10 የሚደርሱ እርከኖች ያሉት መሰላል በዐይነ ሕሊናው አቁሞ፣ ሊሆንለት የሚችለውን ከሁሉ የተሻለ ሕይወት ከላይ፣ ከሁሉ የከፋውን ከታች ካደረገ በኋላ፣ ዛሬ የቆመበትን እርከን እንዲናገር ይጠየቃል። እስራኤል ካንትሪል መጠይቁን ካካሄደባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በየዓመቱ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ዛሬም የሚጠቀመው ይህንኑ መሰላል ሲሆን፣ በ2024ቱ ሪፖርት ፊንላንድ ከ2018 ጀምሮ የያዘችውን አንደኛነት ስታስጠብቅ እስራኤል 5ኛ ሆናለች። የካንትሪልን መረጃ ወስዶ ከሀብት ጋር ያነጻጸረው ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ኢስተርሊን በ1974 ባወጣው ጽሑፍ አንድ እንቆቅልሽ አሳየ፤ በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ወቅት፣ ሀብታሙ ከድኻው ይልቅ ደስተኛ መሆኑን ይናገራል፤ አገሪቱ በሙሉ ከዓመት ዓመት እየበለጸገች ስትሄድ ግን የሕዝቡ ደስታ በዚያው መጠን አያድግም። ሌሎች ኢኮኖሚስቶች ይህን ግኝት አጥብቀው ቢከራከሩትም፣ እንቆቅልሹ የከፈተው በር እስካሁን አልተዘጋም፤ ሰው ደስታውን የሚለካው ባለው ነገር ብቻ ነው ወይስ ጎረቤቱ ባለው ነገር ጭምር?

ስለ ገቢ የተደረገው ምርምር መልሱን በከፊል ይሰጣል። በ1934 በቴል አቪቭ የተወለደውና በ2002 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ዳንኤል ካህነማን ከአንገስ ዲተን ጋር በ2010 ባወጣው ጥናት፣ የአሜሪካ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ 75,000 ዶላር ገደማ ከደረሰ በኋላ ተጨማሪ ገንዘብ የሕይወት ፍርድን ከፍ ማድረጉን ቢቀጥልም፣ የዕለት ስሜትን ግን እንደማያሻሽል ተገልጾ ነበር። ማቲው ኪሊንግስወርዝ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በ2021 ከ33,000 በላይ ሠራተኞችን በስልካቸው እየጠየቀ ባካሄደው ጥናት ደግሞ ደስታ ከገቢ ጋር ሳያቋርጥ ይጨምራል የሚል ውጤት አገኘ። ሁለቱ ወገኖች በጠብ ፈንታ ባርባራ ሜለርስን በዳኝነት ይዘው መረጃውን አብረው መረመሩ፤ በ2023 ያወጡት የጋራ ጽሑፍም ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር እንደሚያድግ፣ እጅግ ሐዘንተኛ ለሆነው አንድ አምስተኛ ያህል ሕዝብ ግን ከተወሰነ ገቢ በላይ ገንዘብ መፍትሔ እንደማይሆን አስረዳ። ካህነማን በዘጠናኛ ዓመቱ አፋፍ ላይ ሆኖ የገዛ ግኝቱን ለማረም መቀመጡ ለማንኛውም ምሁር አርአያ የሚሆን ተግባር ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እኩል ዕድገት የሚታየው ገቢ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር መሆኑ ነው፤ በወር 6,000 ሼኬል የሚያገኝ ቤተሰብ ወደ 12,000 ሲሻገር የሚያገኘውን ያህል ደስታ፣ 30,000 የሚያገኝ ቤተሰብ ለማግኘት 60,000 መድረስ ይኖርበታል። ከታች ያለው አንድ ሺህ ሼኬል ከላይ ካለው አንድ ሺህ ሼኬል ጋር አይተካከልም።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ማግኘት አንድ ነገር፣ ገንዘቡን በውድ ዕቃ ላይ ማዋል ሌላ ነገር ነው። ወደ ዕቃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጉዳይ «መላመድ» የተባለው የአእምሮ ጠባይ ነው። መላመድ ማለት ሰው አዲስ ያገኘው ነገር በጊዜ ብዛት ተራ እየሆነበት፣ ስሜቱ ወደ ቀድሞው ደረጃ መመለሱ ነው። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል በ1971 ይህን ጠባይ ባለበት እየተሽከረከረ ሯጩን የትም ከማያደርስ የመሮጫ መኪና ጋር አመሳሰሉት፤ ብሪክማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 ያጠናቸው 22 የሎተሪ ባለዕድሎችም ከሌላው ሰው የበለጠ ደስተኛ ሆነው አለመገኘታቸው ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ቁርስ መብላትና ከወዳጅ ጋር መጫወት ባሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ቀንሶ ተገኘ። በ2020 የታተመና በስዊድን ብዙ ሺህ ዕጣ ቆራጮችን የተከታተለ ሰፊ ጥናት ግን ትልቅ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ከዐሥር ዓመት በኋላም በሕይወታቸው ይበልጥ ረክተው እንደ ተገኙ ስላረጋገጠ፣ መላመድ ሁሉን ነገር ጠርጎ ይወስዳል ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል።

መላመድ የቱን እንደሚወስድና የቱን እንደሚተው ለመረዳት የቡና ሥርዓት ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በሐይፋ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈርም ሆነ በኪርያት ኃይም፣ በቤተ እስራኤል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ በመጡ አይሁድ ቤት፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ ጀበናው ከሸክላ የተሠራ፣ ስኒው ጆሮ የሌለው፣ ከሰሉ በኤሌክትሪክ ምድጃ የተተካ ሊሆን ይችላል። አቦሉ ወፍራምና መዓዛው ቤቱን የሚሞላ ሲሆን፣ ውሃ እየተጨመረ ቶናው ይቀጥናል፤ በረካው ደግሞ ከቀለም በቀር ብዙ ጣዕም አይቀረውም። ጣዕሙ ከስኒ ስኒ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ጨዋታው እየሞቀ ይሄዳል፤ የተጣላ የሚታረቀው፣ የልብ የሚነገረው፣ ምክር የሚሰማው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። የዕቃው ደስታ እንደ ቡናው ጣዕም ከቀን ወደ ቀን ይቀጥናል፤ በዕቃው ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው የሚሰጠው ደስታ ግን በዚያ ልክ አይቀጥንም፤ ምክንያቱም ጨዋታው በየጊዜው አዲስ ነው።

ከቡናው ወደ መኪናው ማለፍ ይቻላል። በእስራኤል ለግል መኪና የሚጣለው የግዢ ቀረጥ በመደበኛ መጠኑ 83 ከመቶ በመሆኑና ሌላ ታክስም ስለሚጨመርበት፣ አዲስ መኪና ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ነው፤ ብዙ ገዢም የሚገዛው በ«ታሽሉሚም»፣ ማለትም በየወሩ በሚከፈል የዱቤ ክፍያ ነው። ኖርበርት ሽዋርዝ፣ ጂንግ ሹና ካህነማን ለባለመኪናዎች አንድ ጥያቄ በሁለት መንገድ አቅርበው ነበር። ባለመኪናዎቹ «መኪናዎን ሲነዱ ምን ይሰማዎታል?» ተብለው በጥቅሉ ሲጠየቁ፣ ውድ መኪና ያለው የበለጠ ደስታ እንደሚሰማው ተናገረ። ወደ ሥራ ሲሄዱ ያደረጉት የመጨረሻ ጉዞ እንዴት እንደ ነበረ ሲጠየቁ ግን የመኪናው ዋጋ ከስሜታቸው ጋር ምንም ዝምድና አልተገኘበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ስለ መኪናው እያሰበ ሲነዳ መኪናው ያስደስተዋል፤ ነገር ግን በሐይፋ ወደብ መግቢያ መንገዱ ተዘጋግቶ የቆመ አሽከርካሪ የሚያስበው ስለ አለቃው፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤትና ስለ ሰዓቱ እንጂ ስለ መቀመጫው ቆዳ አይደለም። ተመራማሪዎች ይህን የትኩረት ስሕተት ይሉታል፤ ሰው አንድን ነገር ለመግዛት ሲያስብ ነገሩ ብቻ ዐይኑን ስለሚሞላው፣ ከገዛው በኋላም ሁልጊዜ እንደዚያው የሚሞላው ይመስለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የአሞስ ትቨርስኪ ሐሳብ ነው። ትቨርስኪ በመጋቢት 1937 በሐይፋ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ጄንያ ትቨርስኪ የክነሴት አባል የነበሩ፣ ከካህነማን ጋር በ1979 ባሳተመው የውሳኔ ንድፈ ሐሳብ የኢኮኖሚክስን ትምህርት የለወጠ ምሁር ሲሆን፣ በ1996 ስለ ሞተ የኖቤሉ ሽልማት ለጓደኛው ሲሰጥ በሕይወት አልነበረም። ከዴል ግሪፊን ጋር በ1991 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ያለፈ ነገር በዛሬው ደስታ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥራ እንደሚሠራ አስተማረ። የመጀመሪያው ትዝታው ራሱ የሚሰጠው ደስታ ነው፤ እጅግ ጥሩ ምግብ ቤት የበላ ሰው ያን ምሽት ባስታወሰ ቁጥር ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ንጽጽር ነው፤ ያው ሰው ከዚያ ወዲህ የሚበላባቸው ተራ ምግብ ቤቶች ሁሉ ከዚያ ምሽት ጋር ሲተያዩ ያንሱበታል። እንግዲህ ውድ ነገር ከሚሰጠው ደስታ ላይ፣ ሌላውን ነገር በማሳነስ የሚወስደው መቀነስ አለበት ማለት ነው።

ትቨርስኪና ግሪፊን ለተማሪዎች ያቀረቡት አንድ ምርጫም ሊጠቀስ ይገባዋል። በአንዱ መሥሪያ ቤት ደመወዙ 35,000 ዶላር ሆኖ ባልደረቦች 38,000 ያገኛሉ፤ በሌላው ደመወዙ 33,000 ሆኖ ባልደረቦች የሚያገኙት 30,000 ነው። የቱን ሥራ እንደሚመርጡ ከተጠየቁት 84 ከመቶው የበለጠ ደመወዝ ያለበትን መረጡ፤ በየትኛው ይበልጥ ደስተኛ እንደሚሆኑ ከተጠየቁት ሌሎች ተማሪዎች ግን 62 ከመቶው አነስተኛ ደመወዝ ያለበትን ጠቆሙ። ሐይፋን የሚያውቅ አድማጭ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በ1959 የተከፈተው ካርሜሊት የተባለው የመሬት ውስጥ ባቡር ከታችኛው ከተማ ከፓሪስ አደባባይ ተነሥቶ በ6 ጣቢያዎች ሃዳር የተባለውን ሰፈር አቋርጦ እስከ ማእከላዊው ቀርሜሎስ ድረስ 270 ሜትር ያህል ሲወጣ፣ የቤቱ ዋጋም በጥቅሉ አብሮት ይወጣል። በሃዳር የተሻለ ቤት የገዛ ሰው ወደ ታች ካየ ከፍ ብሏል፤ ወደ ላይ ካየ ግን ገና ከታች ነው።

በንጽጽሩ ላይ የሐበሻ ኅብረተሰብ የራሱ የሆነ ስም ያለው ኃይል ይጨመርበታል፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ቶርስታይን ቬብለን በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ሀብታሞች ከሌላው በላይ መሆናቸውን ለማሳየት የሚያደርጉትን ወጪ፣ ማለትም የታይታ ወጪን፣ ተንትኗል። የይሉኝታ ወጪ ግን ከዚህ ይለያል። የቬብለን ወጪ አድራጊ ከሰው ለመብለጥ ይፈልጋል፤ በይሉኝታ የሚያወጣ ሰው ግን ከሰው እንዳያንስ ይፈራል፤ ስለዚህም ወጪው ሲፈጸም የሚያገኘው ነገር ደስታ ሳይሆን እፎይታ ነው፤ እፎይታውም እስከሚቀጥለው ሠርግ ድረስ የሚቆይ ነው። የይሉኝታ ወጪ ከታይታ ወጪ ይልቅ ርኅራኄ የሚገባው፣ የሚያደርሰውም ጉዳት የሚከፋ ነው፤ አውጪው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የሌለውን ነውና።

በእስራኤል የሚደረገው የቤተ እስራኤል ሠርግ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሠርጉ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው «ኡላም» በሚባለው የድግስ አዳራሽ ሲሆን፣ ተጋባዡ በመቶዎች ይቆጠራል፤ አዳራሹ ክፍያ የሚጠይቀው በሰው ቁጥር ነው፤ እንግዳውም በፖስታ ገንዘብ ወይም ቼክ ይዞ ይመጣል። ደጋሹ ቤተሰብ ወጪውን ከፖስታው እሸፍናለሁ ብሎ ሲያሰላ ሒሳቡ ያልሞላ እንደ ሆነ፣ የባንክ ሒሳቡ «ሚኑስ» ወደሚሉት ዕዳ ይገባል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። እዚህ ላይ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ያልተጠበቀ ብርሃን ይሰጣል። በአሜሪካ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች የሆኑት አንድሩ ፍራንሲስና ሁጎ ሚያሎን ያገቡ ወይም አግብተው የነበሩ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው፣ ለቀለበትና ለሠርግ ብዙ ወጪ ማድረግ ትዳርን ከማጽናት ጋር እንደማይያያዝ፣ እንዲያውም በአንዳንድ መለኪያ ከፍቺ ጋር እንደሚያያዝ ሲያሳዩ፣ ሠርጉ ላይ የተገኘው ሰው መብዛቱ ግን ከትዳር ጽናት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ያም ሆኖ ወላጆች ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ካልጠራን ማለታቸው ከንቱ ግትርነት ነው ለሚል ሰው በቂ መልስ ይሆናል። ሊቀነስ የሚችለው በዘመዱ ፊት የሚቀርበው ጌጥ እንጂ ዘመዱ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ደስታ የሚገኘው በጉዞና በመዝናናት ላይ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ መነሻቸውም ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች በ2003 ያወጡት፣ ሰዎች ከዕቃ ይልቅ ገንዘብ አውጥተው ያሳለፉት ጊዜ እንዳስደሰታቸው የሚናገረው ጥናት ነው። ሆኖም በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህ ብልጫ የሚታየው ኑሮው በተደላደለለት ሰው ዘንድ መሆኑን፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ግን ከዕቃም ቢያንስ የዚያኑ ያህል ደስታ እንደሚያገኝ አመለከቱ። ይህ ማስተካከያ ለብዙ የሐይፋ ቤተሰቦች ከዋናው ግኝት ይበልጥ ይጠቅማል። በጎንደር ገጠር ያደገች እናት ልብስ የምታጥበው እንዶድ ወቅጣ፣ ጋቢውንና ቀሚሱን ተሸክማ ወንዝ ወርዳ፣ በድንጋይ ላይ አሽታ፣ እርጥቡን መልሳ ተሸክማ ነበር። በሐይፋ አፓርታማ በረንዳ ላይ የቆመው የልብስ ማጠቢያ መኪና ለእርሷ የወገብና የክንድ ዕረፍት፣ ከልጅ ልጅ ጋር የሚጫወቱበት ግማሽ ቀን ነው። አሽሊ ዊላንስና ባልደረቦቿ በ2017 በአራት አገሮች ከ6,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ያገኙትም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ገንዘቡን ጊዜ ለመግዛት፣ ማለትም አድካሚውን ሥራ ከትከሻው ለማውረድ ያዋለ ሰው በሕይወቱ ይበልጥ ይረካል።

ለሌላው ሰው የሚወጣ ገንዘብም አለ። ኤልዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን በ2008 ባወጡት ሙከራ፣ ለተሳታፊዎች በጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ተሰጥቷቸው፣ ከፊሎቹ ለራሳቸው፣ ከፊሎቹ ለሰው እንዲያውሉት ተነገራቸው፤ ማታ ላይ ለሰው ያዋሉት ይበልጥ ተደስተው ሲገኙ፣ ገንዘቡ 5 መሆኑ ወይም 20 መሆኑ ለውጥ አላመጣም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመግባት ተራቸውን ለሚጠባበቁ ዘመዶች ከደመወዛቸው ቀንሰው የሚልኩ ሰዎች ይህን ለማወቅ ሙከራው አላስፈለጋቸውም።

ዋጋ ከዕቃው ሳይሆን ከታሪኩ ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ነገር ከሐይፋ ጋር ይገናኛል። አልበርት አይንሽታይን በ1922 መጨረሻ በቶኪዮ በአንድ ሆቴል ውስጥ ሳለ፣ መልእክት ላመጣለት ሰው በጉርሻ ፈንታ፣ ጸጥ ያለና መጠነኛ ኑሮ ዕረፍት በሌለው የስኬት ሩጫ ከሚገኘው የበለጠ ደስታ እንደሚሰጥ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ጽፎ ሰጠው። ከጃፓን ሲመለስም በየካቲት 1923 ሐይፋን ጎብኝቶ፣ በሃዳር በሚገኘው በቀድሞው የቴክኒዮን ሕንፃ ግቢ የዘንባባ ዛፍ ተከለ። ማስታወሻው በጥቅምት 2017 በኢየሩሳሌም በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ወረቀቱ የሆቴል ወረቀት ነው፤ ገዢው የከፈለው ወረቀቱ ለተያያዘበት ሰውና ለዚያች ቀን ነው።

ቤትም እንዲሁ ከታሪኩ ተነጥሎ አይመዘንም። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ርስት፣ ማለትም በዘር የሚወረስ የመሬት መብት፣ ተነፍጓቸው በሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነው፣ በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ትውፊት የርስቱን መነጠቅ ከ1414 እስከ 1429 ከነገሡት ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል የገቡት ወላጆች፣ ከ«መርካዝ ክሊታ»፣ ማለትም ከመጤዎች መቀበያ ማእከል ወጥተው፣ «ማሽካንታ» በሚባለው የቤት መግዣ ብድር ሦስት ክፍል ሲገዙ፣ ብድሩ ለብዙ ዓመታት በየወሩ የሚከፈል ቢሆንም፣ በስማቸው የተጻፈው ቤት ርስት ነው። በዚያው ቤት ያደገው ልጅ ደግሞ ርስት ስለ መነፈግ በወሬ እንጂ በኑሮ አያውቅም፤ አብረውት የሚማሩት ልጆች ባሕሩን ቁልቁል በሚያዩበት በላይኛው ቀርሜሎስ ይኖራሉ። ትቨርስኪ የለያቸው ሁለት ሥራዎች፣ ትዝታና ንጽጽር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚታዩት እዚህ ላይ ነው። ማታ አባት ከሥራ ሲገባ ቁልፉን በበሩ ውስጥ አዙሮ፣ የከፈተው በር የገዛ በሩ መሆኑ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልቀለለውም፤ ልጁ በዚያው ሰዓት በሳሎኑ መስኮት በኩል ከተራራው ላይ የሚበሩትን መብራቶች ይመለከታል።